አባቷን ያስዋሸሁበት ጠዋት

ባለፈው እሑድ ከለቅሶ ቤቱ ሳህኑን አስቀምጬ ለምን እንደወጣሁ ጠይቀሽኝ ነበር። አሞኛል አልኩሽ። አላመመኝም። ነገሩ ያ ነጭ ሳህን ነው፤ በልተው የሚጥሉት ስስ የፕላስቲክ ሳህን። ለቀስተኛው ሁሉ ሦስትም አራትም ሆኖ ከአንድ ትሪ ሲበላ፣ ከድንኳኑ ውጭ ግንድ ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የቤቱ ምራት ሳህኑን እጄ ላይ አድርጋ «ለእነዚያ በዚህ ውሰጅላቸው» አለችኝ። ድምጿ ክፉ አልነበረም። ትኩሱ ወጥ ሲፈስበት ፕላስቲኩ ለስለስ አለ፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እግሬ ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም።

ሁለቱ ሰዎች ማንጆ ናቸው፤ አንቺ ከሌላ አገር ተመድበሽ የመጣሽ ስለሆንሽ ማን ማንጆ እንደሆነ አታውቂም። ፊት አይቶ የሚለይም የለም። ቋንቋችን አንድ ነው፣ ካፊኖኖ። መልካችንም አንድ ነው። ግን እኔ ሳድግ ማንጆ የሌላውን ካፋ ደጃፍ አያልፍም ነበር። ገበያ ሲወጡ ከሰልና ማገዷቸውን ይዘው ከዳር ይቆማሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥማቸው ከመንገዱ ወርደው ያሳልፋሉ። ለምን ብለሽ ስትጠይቂ «የዱር ሥጋ ይበላሉ» ይሉሻል። ሲበሉ አየሁ ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አሁን በየስብሰባው ይህ ነገር ቀርቷል ይባላል። እውነትም ብዙው ቀርቷል። አንቺ እሑድ ዕለት ያየሽው የተረፈውን ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤታችን ከሺሺንዳ መንገድ ተገንጥለሽ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር። የማንጆ ልጆች አራት ሆነው ከኋላ ግንድ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዴስክ ስላልበቃ ነው ይባል ነበር። በኋላ ዴስክ ሲመጣም እነሱ እዚያው ግንዱ ላይ ቀሩ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከወሎ የተመደበች አዲስ መምህርት መጣች። ልማዱን የነገራት አልነበረም፤ ወይም ተነግሯት ያልሰማች መስላ ይሆናል። በመጣች በሁለተኛው ቀን ሁላችንንም ደጅ አሰለፈችን፤ በቁመታችን ለካችንና አጫጭሮቹን ከፊት አስቀመጠች። ከእኔ ጎን የደረሰችው ከአራቱ አንዷ፣ ከሰል የሚያከስለው ሰውዬ ልጅ ነበረች። አንድ ደብተር ብቻ ነበራት፤ ገጾቹን እያጠፈች ለአምስት ትምህርት ከፋፍላዋለች። ልብሷ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔም ያዝኩ።

በእረፍት ሰዓት መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ቦታ ይቀይሩልኝ።»

«ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላደረገችሽ ተቀመጪ» አለችኝና ጥቁር ሰሌዳውን ማጥፋቷን ቀጠለች።

ለሁለት ሳምንት ያህል በመካከላችን ክርኔን እንደ አጥር ተክዬ ተቀመጥኩ። ያንን አጥር ያፈረሰው ክፍልፋይ ነው። አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ የሚባለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ ብሎኝ ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን ከቀሚሷ ኪስ እርጥብ ቀይ ኮረሪማ አወጣች። በጥፍሯ ልጣጩን ሰነጠቀችውና ውስጡን አሳየችኝ። ኮረሪማ ውስጡ በሦስት የተከፈለ መሆኑን በቤታችን ጓሮ እየበቀለ አስተውዬው አላውቅም ነበር። «ይኸው፣ ይህ አንድ ሦስተኛ» አለችኝ። ከዚያ ያንኑ አንድ ሦስተኛ አፌ ውስጥ አደረገችልኝ። እስካሁን ድረስ ክፍልፋይ ሲባል ምላሴ ላይ ይለበልበኛል።

ጓደኛዬ ሆነች። ከትምህርት ቤት እስከ ወንዙ ድረስ አብረን እንሄድ ነበር። ቤቷ ከወንዙ ወዲህ፣ ከጫካው ጥግ ነው፤ የእኛ ከወንዙ ማዶ። የወፉን ድምፅ ሁሉ ለይታ ታውቃለች። ስትስቅ አፏን በደብተሯ ትከልል ነበር። መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ሲመጣ ካየን እርምጃዋን ታዘገይና ወደ ኋላ ትቀራለች። እንዲህ አድርጊ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አታድርጊ ብያትም አላውቅም።

የዓመቱ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ሰኔ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ የያዘው ዝናብ ሳያባራ ከክፍል ወጣን። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። መሻገሪያችን የወደቀ ትልቅ ግንድ ነበር። «ይቅርብሽ» አለችኝ። እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ወጣሁበት። መሃል ላይ አዳለጠኝ። እግሬ በግንዱና በድንጋዩ መካከል ተቀረቀረ፤ ውኃው እስከ ደረቴ ደረሰ። እንዴት እንደገባች አላየሁም፤ ብቻ እጇ ከቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ድንጋዩን እየገፋች ደጋግማ ስሜን ትጠራ ነበር። አወጣችኝ። ከእኔ አትበልጥም፣ ግን ዳገቱን በጀርባዋ አዝላኝ ወጣች። በዚያ በኩል ከእነሱ ቤት ሌላ ቤት አልነበረም።

ቤታቸው ውስጡ ጨለማ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ አልነበረም። በሣር ክዳኑ ቀዳዳ የገባው የማምሻ ብርሃን በጭሱ ውስጥ እንደ ክር ተወጥሮ ይታይ ነበር። ጥግ ላይ የተደረደሩት ባዶ ቀፎዎች የሰምና የማር ሽታ ነበራቸው። እናቷ እርጥብ ልብሴን አወለቀችልኝና በራሷ ጋቢ ጠቀለለችኝ። የተቀቀለ ጎደሬ ልጣ፣ ማር አፍስሳበት፣ ከፊቴ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቴን ሳይሆን እጄን ተመለከተች።

«ልጄ፣ ካልፈለግሽ ግድ የለም» አለችኝ። «እሳቱን ሙቂ።»

በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ ጣፋጭም ነበር። እሷ ወደ እሳቱ ዞራ ማገዶ ታስተካክል ጀመር፤ ለረጅም ጊዜ አልዞረችም። ያኔ ጭሱ መስሎኝ ነበር ዓይኗን የሚያስጠርጋት።

አባቷ ምሳሩን ይዞ በስብሶ መጣ። ሲያየኝ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ እንድፈቅድለት የሚጠብቅ ይመስል። ሚስቱ ነገሩን ስትነግረው ገባና አጠገቤ ተንበረከከ። እግሬን በሞቀ ቅጠል አሸልኝ፣ በልጥም አሰረልኝ። እጁ ሻካራ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቀስ ብሎ የነካኝ ሰው አላስታውስም። ከልጁ ጋር አንድ ልብስ ለብሰን ተኛን።

ጠዋት ውኃው ጎደለ። አዝሎኝ ተሻገረ፤ እሷ ደብተሬን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። አጥራችን ጋ ሲደርስ አወረደኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። አባቴና የሰፈሩ ወንዶች ገና በወንዙ ዳር ሬሳዬን እየፈለጉ ነበር። እናቴ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። አንገቴን ሳመችኝ፣ ፊቴን ሳመችኝ፣ አፌን ሳመችኝ። ከዚያ ድንገት ተወችኝና ቀና አለች። ከኋላዋ ሊያጽናኗት የመጡ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ቆመው ነበር።

«የት አደርሽ?» አለችኝ።

በእጄ ወደ ጫካው አሳየኋት።

«ቤት ገብተሽ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ከማንጆ ቤት የበላች ልጅ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ማንም ውኃ እንደማያቀብላት፣ ለጋብቻ የሚጠይቃት እንደማይገኝ ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግኩት።

«አልገባሁም» አልኩ። «ደጅ፣ ከቀፎ መሥሪያው ዳስ ሥር ነው ያደርኩት።»

«እህል ቀመስሽ?»

«አልቀመስኩም።»

የሴቶቹ ዓይን ከእኔ ላይ ተነስቶ እሱ ላይ አረፈ። ከአጥሩ ማዶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ሲያየኝ አየሁት። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«እውነቷን ነው፣ እመቤቴ» አለ ለእናቴ። «ከቤታችን አልገባችም። እህልም አልቀረበላትም። እኛ ወግ እናውቃለን።»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። እኔን አላየችኝም፤ አባቷን ነው ያየችው። እንደማታውቀው ሰው።

እናቴ አመሰገነችው። እውነተኛ ምስጋና ነበር። ቆጮና አይብ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጋ ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ አኖረችለት። እሱም ቁጭ ብሎ በላ። ለእኛም ለከብቶቻችንም መርቆ ተነሳ። ጓደኛዬ ደብተሬን አጥሩ ላይ አስቀመጠች፤ አባቷ በልቶ እስኪጨርስም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማ ቀረች።

እናቴ ውኃ አሙቃ ከራስ እስከ እግሬ አጠበችኝ። ቅጠሉንና ልጡን ፈትታ ጣለች። እያጠበችኝ ታለቅስ ነበር። ክፉ ሰው እንዳትመስልሽ። ለማኝ ባዶ እጁን ሰድዳ አታውቅም።

እግሬ እስኪድን ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ፈተናውም አመለጠኝ። ለመዝጊያው ቀን እያነከስኩ ስሄድ የዴስኩ ግማሽ ባዶ ነበር። እሷ ከኋላ ግንዱ ላይ ተቀምጣለች። መምህርቷ ደጋግማ ጠይቃት ነበር አሉ፤ «ከኋላ ይሻለኛል» ብቻ ነው መልሷ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ነበር። ስሟ ሲጠራ ሄዳ ሰርተፊኬቷን ተቀበለችና ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች። ስንወጣ መንገድ ላይ ጠበቅኳት። ምን ልላት እንደነበር አላስታውስም። እሷ ያለችኝን ግን አስታውሳለሁ።

«አባቴን አስዋሸሽው» አለችኝ።

በመስከረም አልተመለሰችም። አባቷ ራሱ አስቀራት ያሉም አሉ፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው ያሉም አሉ። እኔ ዓመቱን ደግሜ ተማርኩ፤ በኋላ ቦንጋ ገባሁ፤ እንደምታውቂኝ መዝገብ ቤት ሥራ ያዝኩ። ማንጆ ባለጉዳይ ሲመጣ ወንበር አቀርባለሁ፣ ጉዳዩን ቶሎ እጨርሳለሁ። ያቺን ልጅ ግን እስከ አምና ድረስ ሄጄ አልጠየቅኳትም። በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ለስንት ዓመት እንዳልሄድኩት ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ።

አምና እናቴ ቦንጋ እኔ ቤት ሆና ታመመች። ልትሞት ሳምንት ሲቀራት፣ ጠዋት ሾርባ እያጠጣኋት፣ አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያኔ ወንዙ የሞላ ጊዜ፣ በልቻለሁ። ቤታቸው ገብቼ በልቻለሁ።»

ማንኪያውን በእጇ መለሰችው።

«አውቄያለሁ» አለች። «ስስምሽ አፍሽ ማር ማር ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሴቶቹ እንዲሰሙ ነዋ፣ ልጄ።» ዓይኗን ጨፈነች። «ሰውዬውም ገብቶታል። ብልህ ሰው ነበር።»

ቀብሯን አገር ቤት አድርገን በሦስተኛው ቀን ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ወጣሁ። ድልድዩ አሁን ሲሚንቶ ነው። የሣሩ ቤት ፈርሶ በቦታው የቆርቆሮ ቤት ቆሟል። ከጓሮ ስትመጣ አወቅኳት፤ እሷም አወቀችኝ። ሰላምታ ተሰጣጣን። ዱካ አምጥታ ከደጃፏ ዋርካ ሥር አስቀመጠችልኝ፤ እሷ ሌላ ዱካ ላይ ተቀመጠች። የእናቴን መሞት ሰምታ ኖሮ «ነፍስ ይማር» አለችኝ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ እናቷም ተከትላዋለች። አራት ልጆች አሏት። ረጋ ብላ፣ ሳትቸኩል ትመልስልኝ ነበር፤ ገበያ ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር እንደሚያወሩት።

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። በምትኩ እናቴ ያለችኝን ነገርኳት። ያጽናናታል ብዬ ነበር መሰለኝ። ሁሉም እንደሚያውቅ፣ አባቷ ማንንም እንዳላታለለ።

ከጣቷ ላይ የደረቀ ጭቃ እየላጠች ነበር።

«ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «አባቴ ለማን ነው የዋሸው?»

የዋርካው ቅጠል መንጠባጠብ ጀመረ፤ ዝናቡ ከጫካው ወዲያ ሲመጣ ድምፁ ይሰማ ነበር። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ቀጥሎ የቤቷን በር፣ ቀጥሎ እኔን። በሩ ክፍት ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ተቀምጦ ዝናብ አይመታውም፤ ጠላትም ቢሆን ይግባ ይባላል። እኔም ዱካዬን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ነበር።

«ሳይጠነክር ሂጂ» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። «መኪና ታጫለሽ።»

ከዚያ ወደ ቤት ተጣርታ የመጨረሻ ልጇን በጃንጥላ እንድትሸኘኝ አዘዘቻት። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ነች። ጃንጥላውን እኔ ላይ ዘርግታ እሷ ዝናብ ላይ ትሄዳለች፤ ወደ ውስጥ ብስባትም ትንሽ ቆይታ መልሳ ትወጣለች። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ጠየቀችኝ።

«እናቴን ከየት ነው የሚያውቋት?»

«አንድ ዴስክ ላይ ነበርን» አልኳት። «ጓደኛዬ ነበረች።»

ልጅቷ አሰበች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ላለማስቀየም ቃል ስትመርጥ ያስታውቃል።

«ስለ እርስዎ ነግራኝ አታውቅም» አለች።

ሚኒባሱ መጣ። ተሳፍሬ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጃንጥላውን ከራሴ በላይ ይዛልኝ ቆመች።