ፍሬቻ ያልነበረው ፒካፕ

ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሠፈር ያለችው ወርሻችን፣ ጋራዣችን ማለት ነው፣ በር ላይ «የመኪና ኤሌክትሪክ» ተብሎ በዐረብኛ ተጽፏል። ሠፈሩ ግን ጽሑፉን አያነብም፤ «ሸይባው ጋ ውሰደው» ነው የሚለው። ሸይባ እዚህ አገር ጠጉሩ የነጣ ሽማግሌ ማለት ነው። ሸይባው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩኝ ከኋላዬ ማን እንደቆመ ዞር ብዬ አይቼ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ በስልክ «ማን ልበል?» ሲሉኝ እንኳ ራሴው «ሸይባው» እላለሁ።

አዲስ መኪና ሲመጣ ኮምፒውተር ሰክተው በሽታውን የሚያነቡ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ጋ የሚላኩት የእኔ እኩዮች ናቸው። ሕመማችንም ያው ነው፤ ጠዋት ለመነሳት እንቸገራለን፣ ከመሸ ዓይናችን ይደክማል። ልዩነታችን ለእነሱ መለዋወጫ መገኘቱ ብቻ ነው። በቀረው ነገር ሁሉ በራሴ ላይ እቀልዳለሁ፤ በአሮጌ መኪና መብራት ላይ ግን ቀልድ አላውቅም። በዚህ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ አለ የሚል ካለ ወርሻችን ከዐርብ በቀር ሁልጊዜ ክፍት ነው።

አንድ ጠዋት በተሸካሚ መኪና ተጭኖ አንድ ፒካፕ መጣ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ የነበረ ይመስላል። ከፊት ሁለት ትልልቅ መብራት፣ ፓራፋንጎው ላይ ሁለት ትንንሽ፣ ከኋላ በግራ በኩል አንዲት ቀይ መብራት፤ ኸላስ፣ ሌላ የለውም። በተሠራበት ዘመን ፍሬቻ የሾፌሩ እጅ ነበር። ወደ ግራ የሚዞር ሰው ክንዱን በመስኮት ይዘረጋል፤ ወደ ቀኝ የሚዞር ክርኑን አጥፎ እጁን ወደ ሰማይ ያቆማል።

አብረውት ሁለት ሰዎች መጡ፤ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ሳዑዲ ሽማግሌና ጎልማሳ ልጁ። ነገሩን ያስረዳኝ ልጁ ነው። ፒካፑ የአያቱ ነበር፤ ዲራ ገበያ ተምርና ጨርቅ ያመላልስበት ነበር። አባቱም መንዳት የተማረው በዚሁ ነው። ስንት ዓመት ሺፋ ሠፈር ያለው ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቆሞ ኖሮ፣ አሁን ሽማግሌው ዐርብ ዐርብ እየነዳሁት ዲራ ካልሄድኩ ብሏል። ለዚህ ደግሞ ፈህስ ማለፍ አለበት፤ የመኪና ምርመራው ማለት ነው። ምርመራው ፍሬቻ ይፈልጋል። ልጁ በበኩሉ ገዢ አግኝቷል። ከከተማው በስተሰሜን ካፌ ያለው ሰውዬ ሞተሩን አውጥቶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሊያቆመው ይፈልጋል። አባትና ልጅ ተከራክረው ተከራክረው በሦስት ሙከራ ተስማምተዋል። ሦስተኛውን ምርመራ ከወደቀ ፒካፑ ካፌ ይገባል።

ሽማግሌው ይህ ሁሉ ሲነገር የመኪናውን ኮፋኖ እንደ ግመል አንገት ይደባብስ ነበር። ልጁ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሸይባ፣ አካሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ከበሳህብኝ አንተንም ከመኪናው ጋር ካፌው ውስጥ አስቀምጥሃለሁ።»

«ቡናው በነጻ ከሆነ አስብበታለሁ፣ ዐሚ» አልኩት፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

አልሳቀም። ግን ቁልፉን ለልጁ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

ሳይበሱ ፍሬቻ መግጠም እንዲህ ነው። ፓራፋንጎው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ባለ አንድ ክር አምፖል ነበራቸው፤ መያዣቸውን ለውጬ ባለ ሁለት ክር አስገባሁ፣ አንዱ ክር ለድሮ ሥራው፣ ሌላው ለፍሬቻ። ለኋላው የግራዋን መብራት መንታ ፍለጋ የአሮጌ መኪና ማራገፊያውን ሦስት ቀን ዞርኩ። አገኘኋትና ድሮ ለባምፐሩ በተበሳ ቀዳዳ አሰርኳት። የፍሬቻውን ማንሻ መሪው ዘንግ ላይ በቆዳ በተጠቀለለ ማነቆ አጠበቅኩ። ሽቦዎቹን በተመለከተ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ፤ ለዓይኔ የሽቦ ቀለም ሁሉ ሻይ ሆኗል። ስለዚህ የግራውን ሽቦ አንድ ጊዜ፣ የቀኙን ሁለት ጊዜ እቋጥረዋለሁ። ቀለም የሚያዩት ባልደረቦቼ ይሳሳታሉ፤ እኔ ግን በጣቴ ቆጥሬ ተሳስቼ አላውቅም።

ሲያልቅ የወርሻውን በር ወደ ታች ስበን ዘግተን ሞከርነው። ግድግዳው ብርቱካናማ እየሆነ ይጠፋል፣ ይሆንና ይጠፋል፤ ሠርግ ቤት መሰለ። እጄን ጠራርጌ ያላ፣ ውሰዱት አልኩ።

በማግስቱ ወደቀ።

መርማሪው መብራቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በመዳፉ ጥላ ሠርቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ይበራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። እኩለ ቀን ነበር። የስድስት ቮልት መብራት በሪያድ ፀሐይ ሥር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እዚህ ፀሐይ ሥር ዐርባ ዓመት ሙሉ ስጠበስ የኖርኩ ሰውዬ በሩን ዘግቼ በጨለማ ሞክሬ ላክሁ። ባልደረቦቼ ወሬው ሲደርሳቸው የእጅ ባትሪ አምጥተው በቀን ብርሃን ፊቴ ላይ እያበሩ «ይበራል እንዴ፣ ጋሼ?» ሲሉኝ ሰነበቱ። ይገባኛል።

አምፖሎቹን በጠንካሮች ለወጥኩ፤ መስተዋታቸውን እንደ ብር ወለወልኩ። አሮጌ አካል ዝገት ስለሚይዝ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚመለሰውን ሽቦ፣ ለብቻው ዘረጋሁለት። ከላይ ደግሞ ከቅቤ ጣሳ ቆርጬ ፀሐይ የምትከልል ትንሽ ኮፍያ ደፋሁላቸው። ከዚያ ልክ በእኩለ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛውንም ወደቀ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «የፊትም የኋላም ፍሬቻ አይሠራም» የሚል ነው። ሽማግሌው ራሱ ይዞት መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና መብራቶችህ እምቢ አሉኝ አለ። ልጁ ደግሞ የካፌውን ሰውዬ ደውሎ እንዳዘጋጀው ነገረኝ። መኪናው እንደቀረበ ሞከርኩ። ይሠራል። አስነስቼ ሞከርኩ፣ አጥፍቼ ሞከርኩ፣ በመዶሻ ጀርባ መታ መታ እያደረግሁ ሞከርኩ። ይሠራል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋት ፈለግሁበት፤ ጤነኛ ሆኖ አስቸገረኝ። መጨረሻ ላይ ዓይኔን ተጠራጠርኩና ባልደረባዬን ጠርቼ «ይኸ እየበራ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። እየበራ ነው አለኝ፤ በእጅ ባትሪውም እንደገና አበራብኝ።

ሦስተኛው ምርመራ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፒካፑ ወደ ተመለሰበት ሺፋ፣ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌው ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት መስጊድ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራች የወሎ ሴት ናት። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስታይ ፊቷ በራ። ለፒካፑ መምጣቴን ነገርኳት፤ መብራቱ ለምን እምቢ እንደሚል እንዳልገባኝም ጨመርኩ።

«ኧረ አባባ፣ መብራቱማ ምን በወጣው። ሰውዬው አይነካውም እንጂ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የማይነካው?»

«ያቺን እንጨት ነዋ፣ መሪው ሥር የተከሏትን። ከሰላት መልስ እዚህ መጥቶ ይቀመጥባታል። ሞተር የለ፣ ምን የለ፣ ግድግዳውን እያየ ይነዳል። ወደ ግራ ሲዞር እጁን በመስኮት ይዘረጋል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ላይ ያቆማል። ወላሂ መጀመሪያ ሰሞን ሰላም ያለኝ መስሎኝ እጄን አንስቼ መልሼለታለሁ።»

ከዚያ ወደ ሾፌሩ በር ወሰደችኝ። መስታወቱ ወርዶ የሚገባበት የመስኮት ጠርዝ ላይ ሁለት ቦታ ቀለሙ ለቆ ብረቱ ያበራል፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ። ዝገት መስሏት አንድ ቀን ቀለም ላስቀባው ወይ ብትለው፣ አባቴ ክርኑን የሚያሳርፍበት ነው፣ እንዳትነኪው ብሎ እንደተቆጣት ነገረችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩና ክንዴን አወጣሁ። ስዘረጋው የፊተኛው ቦታ ላይ አረፈ። ክርኔን አጥፌ እጄን ሳቆም የኋለኛው ላይ። የሁለት ሰው ዕድሜ ብረቱን ለክርን ልክ አድርጎ አለስልሶታል።

ያኔ ሁሉ ነገር ገባኝ። መርማሪው «ግራ» ሲለው ሽማግሌው እጁን አውጥቷል። መርማሪው እጁን ያወጣው ለሙቀቱ መስሎት መብራቱን መጠበቅ። መብራቱ ማንሻው እስኪነካ መጠበቅ። ሽማግሌው ምልክት ሰጥቻለሁ ብሎ መርማሪውን መጠበቅ። ሦስቱም ሲጠባበቁ ወረቀቱ ተጻፈ።

መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። በዓለም ላይ መሳቅ የሌለበት ሰው ቢኖር ደግሞ እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ሳለሁ በልጅነቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። የሾፌሩ እጅ ቀኝ መስኮት ስለማይደርስ ወደ ቀኝ ስንዞር እጅ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር። ለዓመታት ቀኝ ክንዴ ከግራው ይጠቁር ነበር።

ለሽማግሌው ማንሻውን ተጠቀም ብዬ ልነግረው እችል ነበር። ግን ሰባ ዓመት ያለፈውን እጅ በአንድ ሳምንት ማን ያስተምረዋል? እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ምሳ በበላሁ ቁጥር እጄ አሁንም የደረት ኪሴ ውስጥ ይገባል። እጁን ወደ ፍሬቻው ማምጣት ካቃተ ፍሬቻውን ወደ እጁ ነው መውሰድ።

ሁለት ጠፍጣፋ የጥሩንባ ቁልፎች ፈለግሁ፤ ሲጫኗቸው የሚያገናኙ፣ ሲለቋቸው የሚያቋርጡ። በወፍራም ቆዳ መካከል ሰፋኋቸውና ቆዳውን መስታወቱ በሚገባበት ስንጥቅ ላይ በሚንጠለጠል መንጠቆ ሠራሁት። ብሎን የለው፣ ቀዳዳ የለው። የፊተኛው ቁልፍ በፊተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ አንድ ቋጠሮ። የኋለኛው በኋለኛው ላይ፣ ሁለት ቋጠሮ። ማንሻውን ለልጁ ብዬ በቦታው ተውኩት። ክርን ሲያርፍ ፍሬቻው ይበራል፣ ክርን ሲነሳ ይጠፋል። ያለ ኩራት ልናገርና፣ ከዐዚዚያ ዲራ ድረስ ፍሬቻቸውን ረስተው እያበሩ ከሚሄዱት አዳዲስ መኪኖች ይሻላል።

ግቢያቸው ሄጄ ከገጠምኩት በኋላ ሽማግሌው ከመስጊድ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ቆዳውን ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«የአባቴን ቦታ ሸፈንከው» አለኝ።

በሁለት ጣቴ አንስቼ አወጣሁለት። ብረቱ ከሥር እንደነበረው ያበራል። መልሼ አንጠለጠልኩና ግባ አልኩት። ገባ። ክንዱን ዘረጋ። ፊት ለፊቱ ያለው የግቢ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ነበርና በግራ በኩል ብርቱካናማ ብርሃን ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረ። ክንዱን አስገባ፣ ጠፋ። እጁን ወደ ላይ አቆመ፣ በቀኝ በኩል በራ። ስንት ጊዜ እንደደጋገመው አልቆጠርኩም፤ እግሬ ግን ደክሞት መከዳ ፈለግሁ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየችን ነበር።

«ብረቱ» አልኩት።

ወደ ወጥ ቤቱ አንዴ አየት አደረገ። ከዚያ ሻይ ለሦስታችን እንዲቀርብ አዘዘ።

የምርመራው ቀን እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ልጁ ስልኩን ይዞ ውጭ ቀረ፤ ያ የካፌ ሰውዬ መልስ እየጠበቀ ነው። መርማሪው የቀደመው ነበርና ፒካፑን ሲያይ ትንፋሹን ረዘም አድርጎ ለቀቀ። ከፊት ቆሞ «ግራ» አለ። የሽማግሌው ክንድ ወጣ።

«ዐሚ፣ እጁን አይደለም፣ መብራቱን» ሊል መርማሪው አፉን ከፍቶ ነበር። መብራቱ ብልጭ አለበት። አፉን ዘጋ። «ቀኝ» አለ። እጁ ወደ ሰማይ ቆመ፣ ቀኙ በራ። ወደ ኋላ ዞሮ ሁለቱንም እንደገና አስደገመን፤ በሦስተኛው ላይ ለምርመራ ሳይሆን ለደስታው እንደሆነ ገባኝ። ሄዶ ሌላ መርማሪ ጠራና አሳየው። ከዚያ ማኅተሙን መታ።

ልጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። እዚያው ቆሞ ደወለና ለካፌው ሰውዬ ሌላ መኪና ፈልግ አለው። አባቱን ግን በቀጥታ አላየውም፤ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ቆዳ ነካ አድርጎ፣ እኔስ በዚህ መንዳት እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቱ መጀመሪያ ክርንህ ይደግ አለው።

ከምርመራው ግቢ ስንወጣ ወደ ዲራ የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነበር። ሽማግሌው ክርኑን አሳርፎ እጁን አቆመ፤ ፍሬቻው ሲመታ ይሰማኛል። ከኋላችን የነበረ ትንሽ መኪና ነጂ ሰላም ያልነው መስሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ መለሰልን። በመስታወት እያየሁት ሳቅ አፈነኝ፤ ዘመኑን ያላወቀ ሽማግሌ ይዞ መሄድ እንዲህ ነው ልል ወደ ሽማግሌው ዞር ስል እሱ ደግሞ እኔን እያየ ኖሯል።

ቀኝ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ በመስኮት ወጥቶ ተዘርግቷል።

«አንተስ ያ ሸይባ፣» አለኝ ሽማግሌው፣ «ክርንህ ሥር ምን ልግጠምልህ?»