በቃለ ጉባኤው ላይ የጨመርኩት መስመር

ይህን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን፣ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝርላቸው ይህን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር፤ አደራ፣ አትዘኑልኝ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ባልደረባዬ ታደሰ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ፋታ ባገኘ ቁጥር ዝዋይ ይወርድና ከሐይቁ ርቆ ካለው ኮረብታ ላይ ዛጎል ለቅሞ ይመጣል። "ውሃው እዚያ ድረስ ነበር እኮ!" ይለኛል፣ መዳፌ ላይ እያስቀመጠልኝ። በምድር ዋልታዎች ላይ ግግር በረዶው ሲገዝፍ የእኛ ሐይቅ ይጎድላል፣ ሲቀልጥ ይሞላል ብሎ ጻፈ። ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስንት ቅዳሜ አብረን ለፋንበት! በኋላ ከውጭ አገር የጥሪ ደብዳቤ መጣ። የበረዶ ተመራማሪውም፣ የታሪክ ሰውም፣ የሐይቅ አጥኚውም ባንድ ጉባኤ ስለ ዋልታዎች የሚወያዩበት ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነበር። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቀናሁ።

ለመውጫ ቪዛው የመምህራኑ ስብሰባ ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዧ እኔ ነኝ። አንዱ ጓድ ተነሣና፣ "ወገን በድርቅ እያለቀ የበረዶ ጥናት ለአብዮቱ ምን ይፈይዳል?" አለ። ታደሰ ዛጎሉን ከኪሱ አውጥቶ፣ "ድርቁ ከየት እንደሚመጣ የምናውቀው እኮ በረዶውን ስናውቅ ነው" ብሎ መለሰ። ተጨበጨበለት። ድጋፉም በሙሉ ድምፅ አለፈ።

እኔ ግን ቃሉን ወደ መዝገቡ ስገለብጥ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ስለዚህ ለድርቁ ተጠያቂው የፊውዳሉ ሥርዓት አይደለም።" በዚያ ዘመን ይህ ምን እንደሚያስከትል አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ! ከጉዞው እንዲቀር ብቻ ነው የፈለግሁት እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ውሸቴን ነው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት መዝገቡን ለፊርማ አዞርኩ። እንደ ልማዳችን ሁሉም ሳያነብ ፈረመ። ታደሰም የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ "የአንቺን ጽሑፍ ደግሞ ምን አነበዋለሁ" ብሎ ፈረመ። ያን ጊዜ መዝገቡን ልነጥቀው እችል ነበር። አልነጠቅሁትም።

ቃለ ጉባኤው ለቪዛው ወደ በላይ አካል ተላከ፤ በሳምንቱ ታደሰን ከክፍል ወሰዱት። ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሸብቶ፣ ከስቶ ቤቴ መጣ።

"አየሽ፣ ምላሴ ነው ጉድ የሠራኝ" አለኝ። "እንደዚያ ማለቴን አላስታውስም። ግን ፊርማዬን አሳዩኝ። ብዬ ይሆናላ! አንቺ መቼም ያላልኩትን አትጽፊም።"

ምን ያልኩት ይመስላችኋል? "አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ ያመልጥሃል" አልኩት። አጽናናሁት! ኧረ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዚያ በኋላ ታደሰ ዕድር ላይ እንኳ ቃል ትንፍሽ ሳይል ኖረ፤ አፉን እንደፈራ ሞተ። ይቅርታ ከማን ልለምን? ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሄደ። አላልክም፣ ታደሰ። አንተ አላልክም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።