ለሽያጭ ያልነበረችው የሹራብ መኪና

ያን ቀን ዘነበች ቤት አራት ሰዎች ነበርን። ዘነበች የሹራብ መሥሪያ መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ልጇ ሰላም ስልኳን ይዛ፣ መኪናዋን ከላይ ፎቶ ልታነሳ ወንበር ላይ ወጥታለች። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው አቶ ሸምሱ በሩን ተደግፈዋል። እኔ ጓዳው መግቢያ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ቤት ክፉ ሐሳብ ይዤ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ዘነበችና እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ከገባን ጀምሮ ጎረቤቶች ነበርን። አንድ ዓይነት መኪና ገዝተን የተማሪ ሹራብ እንሠራ ነበር። ዓይኗ ሲደክም መኪናዋን ሸጣ፣ ሰላም ወዳገባችበት ወደ አዳማ ልትሄድ ቆረጠች።

"አማቼ ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፌ አልተኛም" ትል ነበር። "በሩን ራሴ የምዘጋው አንድ ክፍል እከራያለሁ። መኪናዋ ጥሩ ካወጣችልኝ ይበቃኛል።"

ያን ቀን ሰላም ፎቶውን አንስታ መኪናዋን ያገለገሉ ዕቃዎች በጨረታ በሚሸጡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አወጣቻት። እዚያ ሻጭ መነሻ ዋጋና መዝጊያ ሰዓት ይጽፋል፤ ገዢዎች ከሥሩ እየጨመሩ ይሄዳሉ። ሰዓቱ ሲሞላ ከፍተኛውን የጻፈ ይወስዳል።

"እንደሷ ያለች ሌላ ወጥታለች?" አሏት አቶ ሸምሱ።

"የለችም ጋሼ፣ አይቻለሁ።"

"እንግዲያው እናትሽ ከበረች። ብቻዋን ገበያ የወጣች ዕቃ እንደ ሙሽራ ትለመናለች። ሁለት ከሆኑ ግን የሚሽኮረመመው ገዢው ነው።"

"በስተርጅናዬ ሊድሩኝ ነው!" አለች ዘነበች።

"ኧረ መኪናዋን ነው ያልኩት፣ እትዬ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት የራሴን መኪና አወጣሁ። መነሻ ዋጋዬን ከእሷ አሳነስኩ። የእሷ ጨረታ የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ የእኔን ለማግስቱ ቀን ስድስት ሰዓት አደረግሁት። የምሸጣት መኪና አልነበረችም። ያወጣኋት የእሷ ገዢዎች ነገን እንዲጠብቁ ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ጣት፣ ማንም ሳይመክረኝ።

ለዘነበች ስነግራት ደስ አላት። "አንቺም ልትገላገይ ነው? ጎሽ! እንግዲያው ተከትለሽኝ ነያ" አለችኝ።

ጠዋት ሲሽቀዳደሙ የነበሩት ገዢዎች የእኔን ሲያዩ ረጋ አሉ። አንዱ "የእትዬ አስካለን ነገ እንያት፣ ምን አስቸኮለን" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ብዙም የጨመረ የለም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኩን አብሬያት አየሁ። "ገበያው ቀዝቅዞ ነው" አልኳት። ያቀዘቀዝኩት እኔ አይደለሁም ወይ? በየትኛው አፌ አጽናናኋት?

ለምን አደረግሽው ብትሉኝ፣ እንዳትሄድ ነው። ዋጋው ካላማራት አልሸጥም ትላለች፣ ካልሸጠች ትቀራለች ብዬ ነበር። ከእሷ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረኝም። ይህ ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆንም። የፈለግሁትን አፍ አውጥቼ "አትሂጂብኝ" ማለት አቅቶኝ ነው ዕድሏን ያበላሸሁት።

ደግሞም አላወቅኳትም። ሰዓቱ ሲሞላ ሰላም "እማዬ፣ ይህማ አይሆንም፣ አንሰጥም በያቸው" ስትላት፣ "ጨረታ ብለን ጠርተናቸው? ቃሌን አላጥፍም" አለች። ሰጠች። ከዚያ "እንግዲህ ሳሎኑም ቤት ነው" አለች። ሰላም ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

በማግስቱ የራሴን ከገበያ አነሳሁ። ቃል አጠፈች እንዳይሉኝ፣ መርፌዎቹ ላይ የሚመላለሰው ክፍል ተሰበረ ብዬ ጻፍኩ። ለዘነበችም ይህንኑ ነገርኳት። አልተሰበረም ነበር።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅ? የበደልኳት ሳታውቀው እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይረባኛል? የዘነበችን በር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዛሬም የምተኛው የራሴን በር ዘግቼ ነው።

የሄደች ቀን ሻንጣዋን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲቆም ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አኖረች። ብረት ነው፤ ከበድ ይላል።

"ትርፍ ነበረኝ" አለችኝ። "ሰውዬው ከመኪናዋ ጋር ስጪኝ ብሎ ነበር፤ ያንቺ ተሰብሯል ስላልሽ አስቀረሁልሽ። በይ አስገጥሚውና ሥሪበት።"

ሳመችኝና ገባች። ሚኒባሱ ሄደ።