መድኃኒት የተባለው የምስር ፓስታ

ከምስር የተሠራ ፓስታ በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ምንም አልቀረባችሁም። እኔ በልቻለሁ። መብላት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ቀቅዬዋለሁ፣ ሽታውን ችዬዋለሁ፣ ከድስት ሥር ፍቄዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ሆድ ነው። አባቴ ቡታጅራ ውስጥ ሶፋና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ሁለት ዓመት ሆዱ እየተነፋ፣ የበላው አልረጋ እያለ ከሳ፣ ከሳ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። አሜባ ተባለ፣ ጨጓራ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ፤ ያልዋጠው ኪኒን የለም። በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ወስዶ ሲያሳየው ሐኪሙ «የሚያሳምምህ ስንዴ ነው» አለው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ እሱ የአባቴን አንጀት ያቆስለዋል። ገብስም እንደዛው። ከተወ ይድናል፣ ካልተወ አይድንም፣ በቃ። መላጊያ መግፋት አቅቶት ስለነበር ካላገገመ ወርክሾፑን መዝጋቱ ነው። አባቴ ያለ ወርክሾፑ ደግሞ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

እኔ በዚያው ሰሞን ወልቂጤ ተምሬ ዲግሪዬን ይዤ ተመልሻለሁ። የምግብ ሳይንስ። ሥራ የለም። ስለዚህ የአባቴ ምግብ የኔ ሥራ ሆነ።

ለኔ ቀላል ነበር። ቆጮ ከመስቃን ከአያቶቼ ጓሮ ይመጣልናል። ጎመን አለ፣ አይብ አለ፣ የጤፍ እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ። ዳቦና ፓስታ ብቻ ይቅር። አለቀ።

ግን ወንድሜ አለ። ወንድሜ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ያልታሸገ ነገር ምግብ አይመስለውም። አባቴ ስንት ዓመት ሙሉ ምሳውን ከወርክሾፑ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ፓስታ ሲበላ እንደኖረ ያውቃል። «አባዬ ፓስታ ቀረበት» ብሎ አዘነና በሚኒባስ አንድ ካርቶን ሙሉ የምስር ፓስታ ላከ። ከውጭ የመጣ፣ ፓኬቱ ላይ ጥርሷን የምታሳይ ሴት ያለችበት። ለአባቴም ደወለለት፦ «አባዬ፣ መድኃኒትህ ይሄ ነው። በየቀኑ ብላ፤ እንዳታቋርጥ!» እኔ አጠገቡ ሆኜ ሰምቼ ሳቅሁ። ያኔ ነበር መጮህ የነበረብኝ።

የመጀመሪያ ቀን ፓስታ እንደሚቀቀለው ቀቀልኩት። ውሃ ጣድኩ፣ ዘይት ጠብ አደረግኩ፣ ጨመርኩት፣ ሽንኩርት ልከትፍ ዞር አልኩ። ብርቱካናማ አረፋ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ክዳኑን ስከፍት ፓስታ የሚባል ነገር የለም። እናቴ መጥታ ድስቱ ላይ አጎነበሰች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፓስታ።»

«አራት ዓመት ምግብ ተምረሽ ፓስታ መቀቀል አቃተሽ?»

«እማዬ፣ ምስር ነው እኮ!»

«ምስር ከሆነ በርበሬው የታለ?»

እውነቷን ነው። አንድ ሰው ምስርን ያህል ነገር ፈጭቶ፣ ክር አድርጎ፣ አድርቆ፣ ሴት ለጥፎበት፣ ባሕር አሻግሮ የሚልክልን ቀቅለን መልሰን ምስር እንድናደርገው ነው? በማግስቱ ቶሎ አወጣሁት፤ ውጪው ሙጫ፣ ውስጡ ጥሬ። በሦስተኛው ቀን ቅርፁን ያዘ። ቅርፁን ከያዘ በኋላ ነው እንዲያውም የባሰው፤ ሲታኘክ ዱቄት ይሆንና ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ስጎ ብታፈሱበት፣ ነጭ ሽንኩርት ብትደፉበት ያው ነው፤ ያልበሰለ ክክ ያስታውሳል።

እኛ ቤት ሳይጸለይ አይበላም። አባቴ እዚያ ፓስታ ላይ የሚጸልየው ግን ከሁሉም ይረዝማል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን የላከልንን ልጃችንን ባርክልን» ይላል። ስለ ምግቡ አንድም ቃል አይናገርም። ከዚያ በውሃ እያወረደ «ጣፋጭ ነው» ይላል። ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ ልጄ! እንዴት ይጣፍጣል መሰለህ!»

ውሸቱን ነው። እኔ ሳህኑን የማጥበው ልጅ አለሁ።

በኋላ ምሳውን በምሳ ዕቃ ወርክሾፑ ይዞ መሄድ ጀመረ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፤ እኔም ለመደው ብዬ ተውኩት። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አባቴ አይወፍርም። ሆዱም እንደተነፋ ነው። አንድ ቀን ቀበቶውን በምስማር ሲበሳ አየሁት፤ ሌላ ቀዳዳ ወደ ውስጥ። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መጠኑን ጨምሪለት።» ምሁር!

አንድ ረቡዕ አባቴ ስጎውን ረስቶ ሄደ። ለብቻው በጠርሙስ አድርጌለት ነበር። በባጃጅ ይዤለት ወረድኩ። ስገባ ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ምሳ ዕቃው፣ እጁ ላይ አንድ ትልቅ ዳቦ። እየቆረሰ፣ ያንን ፓስታ እንደ ወጥ እየጠቀለለ ይጎርሳል።

«አባዬ! ምንድነው የያዝከው?»

«ዳቦ ነዋ» አለ፣ ምንም ሳይደነግጥ።

«ስንዴ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር ነው የምበላው። ዳቦ ብቻውንማ ነክቼ አላውቅም።»

ፊቱን አየሁት። የቀልዱን አልነበረም።

«ወንድምሽ መድኃኒትህ ነው አላለኝም?» አለ። «መድኃኒቱን እየወሰድኩ ዳቦው ምን ያደርገኛል? ደግሞ ያለ ዳቦ አይወርድም ልጄ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።»

«በየቀኑ ነው እንደዚህ የምትበላው?»

«እንዳታቋርጥ ተብዬ የለ?»

ጠርሙሱን ግድግዳው ላይ አለመወርወሬ ይገርመኛል። እዚያው ቆሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ አባቴም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«ስማ፣ የምትልከው ነገር መድኃኒት አይደለም። የተበላሸ ምስር ነው። ስንዴ የለበትም፣ በቃ። ድንጋይም ስንዴ የለበትም!»

«አንቺ ደግሞ ስታካብጂ! አባዬ እኮ ወዶታል።»

«በዳቦ ነው የወደደው! በየቀኑ በዳቦ እየበላው ነው። ያንተ መድኃኒት ያድነኛል ብሎ!»

«አንድ ነገር ላድርግለት ብዬ እኮ ነው» አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ። ልታዝኑለት ትችላላችሁ። እኔ አላዘንኩለትም። አንድ ነገር ማድረግ የፈለገ ሰው መጥቶ አባቱ ምን እንደሚበላ ያያል።

አባቴ እጁን አነሳ። «ቆይ፣ ቆይ። እንግዲህ ዳቦ ጨርሶ የለም ማለት ነው?»

«ጨርሶ።»

«ትንሽም?»

«ፍርፋሪም።»

ዳቦውን አገላብጦ አየው። «የጌታ እራትስ?»

ቤተ ክርስቲያናችን በየወሩ ዳቦ ይቆረሳል። ተራ የስንዴ ዳቦ ነው። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቀርቶበት አያውቅም። የስጎውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እሱም ስንዴ ነው አባዬ።»

«ለሱ አታስቡ» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው። «ከሽምብራ የተሠራ ብስኩት አለ፤ ነገውኑ…»

ዘጋሁበት።

«ምነው ዘጋሽበት?»

«የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ላንተ ከቆጮ ይቆረስልህ።»

«ቆጮ? ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ምሳ ዕቃውን ከደነ። የተረፈውን ዳቦ ከሰጋቱራው አራግፎ ዘረጋልኝ። «እንቺ፣ አይጣል።»

ቆሜ በላሁት። ከአጠገቡ ዳቦ ቤት ገና የወጣ ነበር፤ ለስላሳ፣ ውስጡ ሙቀት ያለው። አባቴ ስጎርስ ያየኛል።

«ጥሩ ነው አይደል?» አለኝ።

«አይ፣ ደረቅ ነው» አልኩት።