ከእናቷ በፊት ያየሁት ፊት

ጎረቤቴ ውጭ አገር ልጇ ዘንድ ክረምቱን ከርማ በተመለሰች ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከዞረ በኋላ ወሬው ሁሉ የእሷ ሆነ። ስለ ገበያው አወራች፣ ስለ ንጽሕናው አወራች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባቡር ላይ የደረሰባትን ነገረችን። ከፊቷ አንዲት ነጭ ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ሸጋ ነው፣ ፈገግ ሲልላት ጣቷን ዘረጋችለት። እናትየው ልጁን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ፊቱን አዞረችባት፤ ተነሥታም ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን አደረግኋት?» አለች ጎረቤቴ። «ጥቁር ስለሆንሁ ልበላው ነው?»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሴት ልጇ የገፋ እርግዝናዋን ይዛ ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ ይህ ዘረኝነት እንደሚባል፣ የጥቁር ሕዝብ በየአገሩ ያየው መከራ እንደሆነ አስረዳችን። አንዷ እንባዋን ጠረገች። እኔ ከንፈሬን አልመጠጥሁም። «ልበላው ነው?» የሚለውን ቃል ከዚያች ሴት አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባቴ ድብ ባሕር አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር። ያገሩ ገበሬ በእሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእሱ ማጭድ ያጭዳል፤ እሱ በደጅ ሲያልፍ ግን ወተቱ ይከደናል፣ ሕፃኑ ይሸሸጋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላሉ። ጎንደር ከገባሁ በኋላ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ወሬ እቀይር ነበር። አሁንም የምጽፈው ለዚህ ጉዳይ ስል ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ቤተሰቤ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።

ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ሳለሁ፣ ጎረቤቴ ይህችኑ አስተማሪ ልጇን በእኔ እጅ ወለደች። ምጡ ክፉ ነበር። ልጅቱ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁራ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። አፍና አፍንጫዋን ጠርጌ፣ ጀርባዋን አሽቼ አስለቀስኋት። እናቷ ደክማ ራሷን ስታ ነበርና ያን ፊት መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። በመካከሉ ካገሬ የመጣ ሰው የአባቴን ሥራ ነግሯት ኖሯል። ገና በሩን ስገባ ነጠላዋን ስባ የልጅቱን ፊት ሸፈነች፤ እስክወጣ ድረስም አልገለጠችውም። ከእሷ በፊት ያየሁትን ፊት ከእኔ ደበቀችው።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ተዳርሰናል፣ ከአንድ ጽዋ ጠጥተናል። በዚያ ቤት ሕፃን ታቅፌ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ማኅበሩ ላይ ጠየቅኋት። «ሴትዮዋ ልጁን ሳበችው ብቻ ነው ወይስ በነጠላም ሸፈነችብሽ?»

ሴቶቹ ዓይናቸውን ወደ ጠላቸው አወረዱ። ፊት ለፊት የነገረኝ የለም እንጂ የአባቴን ሥራ ከልጅቱ በቀር ሁሉም ያውቃሉ።

«ምነው እቴ፣ ያን ከዚህ ምን አገናኘው?» አለችኝ። «ያ የዓይን ነገር ነው፣ ካያት ከቅድመ አያት የመጣ። ይሄ ዘረኝነት ነው።»

«ልበላት ነበር?» አልኋት።

ዳቦ ጨምሩላት አለች።

ባቡሩ ላይ አልተጎዳችም አልልም። ያመማት አሟታል። ግን እሷን ባንድ ቀን ያገኛት ነገር ስም ወጣለት፣ እንባ ፈሰሰለት። እኔን ዕድሜ ልኬን ያገኘኝ ልማድ ተባለ፣ በዳቦ ተዘጋ። ነጩ ሲያደርገው ግፍ፣ እኛ ስናደርገው ጥንቃቄ! ያቺ ፈረንጅ እንኳ ወንበር ቀየረች እንጂ መልሳ ከእሷ ጋር ማኅበር አልጠጣችም።

በማግስቱ ልጅቱ ቤቴ መጣች። ነጠላ ያልሁት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ስለ ሩቅ አገር ጥቁሮች ያን ያህል የምታውቅ ሰው የገዛ ፊቷ ከማን እንደተሸፈነ አልሰማችም ኖሯል። «እትዬ፣ ክርስትናው ላይ ልጄን ለእርስዎ ነው የማስታቅፈው» አለችኝ። ፊቱ ተሸፍኖ ካገኘሁት ከበሩ እመለሳለሁ አልኋት።

ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና በተነሣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ገባሁ። ልጅቱ ቃሏን አከበረች፤ ፊቱን ገልጣ ጭኔ ላይ አስተኛችው። አፍንጫው የእናቱ ነው። ጠዋት ቄሱ ያሰሩለትን ማተብ ላስተካክል ስል ከሥሩ ሌላ ክር ጣቴን ነካው። ሳብ አድርጌ አወጣሁት፤ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ነው፣ ቆዳው ገና አዲስ። ክታብ ለዓይን ነው የሚታሰረው። ለማን ዓይን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እናቱም ሳታውቅ የታሰረ ነበር፤ ስታየው ፊቷ በርበሬ መሰለ። አያቱ ወደ ጓዳ ዞረች።

ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። እኔ ግን ክታቡን አውጥቼ ሰው ሁሉ እንዲያየው በነጭ ልብሱ ላይ ዘረጋሁትና ልጁን ታቅፌ ቀረሁ። እንቅልፍ ወሰደው።

አያቱ መጣች። ደክሞሻል፣ ወዲህ በይው አለችኝ። የተኛ ልጅ አይነሣም አልኋት። ቆይታ ተመልሳ፣ ሊጠባ ነው አለች።

«አልራበውም እማዬ» አለች እናቱ።

አያቱ ሄዳ አልተቀመጠችም። እዚያው ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ እሷን አላየሁም፤ ያን ልጅ ዓይኔ እስኪጠግብ አየሁት።