ባዶዋን የማትሄድ ሞተር

አያቴ ሞተራቸውን የኋላ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ነድተዋት አያውቁም። ከዳባት ደባርቅ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ ቄስ ይሁን ዶሮ የያዘች ሴት፣ ቆመው ይጭናሉ። እኔ ከኋላ ከሆንኩ ደግሞ "የአንቺ ጉልበት ገና አልተነካም" ብለው ያወርዱኛል። እንዴት እንደምናደድ!

ዘንድሮ የደባርቅ ሞተረኞች ክበብ የድሮ ሞተሮች ትርኢት ሊያዘጋጅ ነው ሲባል ከሁሉም በላይ የጓጉት እሳቸው ነበሩ። ሳይደርሱበት አረፉ። ተመርቄ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ስለነበር፣ ሞተሯን እኔ ላድርስላቸው ብዬ ጠዋት ተነሳሁ። የሞተሮቹ ሰልፍ ከተጀመረ ማንም አይገባም ተብሏል።

መንገድ ዳር አንዲት እናት ሞተሯን አውቀዋት እጃቸውን አነሱ። አለፍኳቸው። ግን የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ጀርባዬን በረደኝ፤ እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ።

"ይውጡ እማማ፣ ቶሎ!"

"እሳቸውስ እንዲህ አይጮሁም ነበር" አሉኝ እየወጡ።

ደባርቅ ስንደርስ ሰልፉ ተጀምሯል። በር ላይ የቆመው የክበቡ ልጅ አገደን።

"አርፍደሻል። ደግሞ ትርኢቱ የአሮጌ ሞተር ነው፣ ሰው አይጫንም።"

"እኔስ አሮጌ አይደለሁ? እኔንም ለትርኢት አቅርበኝ እንጂ!" አሉት እማማ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ልጁም አብሮ ስቆ አሳለፈን። እማማ ወገቤን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ለሚያጨበጭበው ሁሉ እንደ ሙሽራ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

አባባ፣ እርስዎ ይረፉ። ሰኞም ሞተርዎን ይዤ እወጣለሁ፤ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ካለ መንገድ ዳር ይጠብቀኝ፣ እጭነዋለሁ። ብቻ ቶሎ ይውጣ።