ዘነቡ ከውሃ የወጣችበት መስከረም

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ፣ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አንዲት ሴት እሸት በቆሎ እየጠበሰች፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ምሳ ከምንበላበት ክፍል ድረስ ደረሰ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኳን ከፍታ «በመስከረም ሐይቅ ቢሄዱ ምን ምን ያደርጋሉ?» የሚል ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብልን ነበር። በጀልባ መንሸራሸር፣ ዳር ላይ ተቀምጦ ትኩስ ዓሣ መብላት፣ ወንድ ለሆነ እስጢፋኖስ ገዳም ገብቶ መሳለም፣ አደይ አበባ መሐል ፎቶ መነሣት። ጨርሳ ወደኔ ዞረችና «አንቺ የዚያው አገር ልጅ አይደለሽ? ሌላ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። የበቆሎውን ሽታ ሽሽት ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ማንም ሳይጽፈው በቃሏ የምታውቅ እህት ነበረችኝ። ዘነቡ ትባላለች። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤታችን ከሐይቁ ዳር፣ ቄጠማው ከሚያልቅበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ሲገፈፍ የአምባሰል ገደሎች ታጥበው እንደተሰጡ ልብሶች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ግሸን ማርያምን ለመሳለም የሚሄዱ አውቶቡሶችም እኛ ከተማ ቆመው ሰው ያራግፋሉ። እኛ ልጆች እንግዶቹን በሁለት እንከፍላቸው ነበር፤ ተሳላሚዎቹ ውሃውን አይተው «የእግዜር ሥራ!» ብለው አማትበው ይሄዳሉ፤ ሽርሽረኞቹ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከር ያደርጉና ውሃው የነከሳቸው ይመስል ይጮኻሉ። ዘነቡ ሁለቱንም ትቀበላለች። ጠዋት በአባታችን ታንኳ ታሳፍራቸዋለች፣ ወፎቹ የሚያርፉበትን ታሳያቸዋለች፣ ከጓሯችን እሸት ቆርጣ ትጠብስላቸዋለች፤ በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቃት ውሃው ውስጥ ዘላ ትገባና እስኪጨነቁ ድረስ ጠልቃ ቆይታ፣ ፈጽሞ ባልጠበቁት በኩል ብቅ ትላለች። አባታችን «ይቺን ከመረቤ ነው ያገኘኋት» እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

በየዓመቱ ከሚመጡት መሐል እትዬ ማርታ የምንላቸው አንዲት የአዲስ አበባ ሴትዮ ነበሩ። ልጅ የላቸውም። ከግሸን በፊት ሦስትና አራት ቀን እኛ ጋ አርፈው፣ ከዘነቡ ጋር ሐይቁን ሲዞሩ ይውሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለእናቴና ለአባቴ ሌላ ነገር ይዘው መጡ፤ ከግሸን ሲመለሱ ዘነቡን ይዘዋት ሊሄዱ፣ እንደ ልጃቸው አድርገው ሊያስተምሯት። እናቴ አለቀሰችና እሺ አለች። የዘነቡ ቀሚስ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጣ። እኔ ያን ቀሚስ ሳየው የተሰማኝን፣ እስከ ዛሬ ቅናት ይሁን ፍቅር ለይቼ አላወቅሁትም። እሷ ባትኖር መዋኘት ማን ያስተምረኛል? ደግሞስ ለምን እሷ? ሁለቱም በአንድ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ዘነቡ እየዋኘች፣ እኔና እትዬ ማርታ ዳር ላይ ተቀምጠን በቆሎ እንፈለፍል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አውቶቡስ መቆሚያው ጋ አንድ ተሳላሚ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ አረፋ ደፍቆ ተንፈራግጦ፣ ሰው ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ሲይዝለት።

«እህቴ ትወድቃለች» አልኳቸው።

«ከምን ላይ?»

«ዝም ብላ። መሬት ላይ። አረፋ ትደፍቃለች።»

እትዬ ማርታ የያዙት በቆሎ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ተነሥተው እስከ ጉልበታቸው ከነጫማቸው ውሃ ውስጥ ገብተው «ዘነቡ! ውጪ! ኧረ ልጄ ውጪ!» ብለው ሲጮኹ፣ ዘነቡ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች አንዴ ጠልቃ ራቅ ብላ ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ስትስቅ አላየኋትም።

እናቴ ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝና ትከሻዬን ይዛ ዓይኔን አየችው። «ማርያምን በይ» አለችኝ። የግሸን ማርያም ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት በስሟ መማል ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። «ማርያምን» አልኩ። እንዲያውም ጨመርኩበት፤ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከብት ስናግድ፣ አንዴ ከቤታችን ጀርባ ስትወድቅ አይቻታለሁ አልኩ።

እትዬ ማርታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለዘነቡ አዲስ ቀሚስ ትተው፣ «ጠበል ጠጥታ ሲሻላት እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው መስከረም አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም። እኔንም ማንም የትም አልወሰደኝም።

የውሸቱን ዕድሜ ያኔ ብጠየቅ ሁለት ሳምንት እል ነበር። እናቴ ዘነቡን ከውሃም ከእሳትም ከለከለቻት፤ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ትሰምጣለች፣ እሳት ላይ ብትወድቅ ትቃጠላለች። ክብሪት መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ እርሻም ገበያም ትከተላት ጀመር። የምትጠጣበት ኩባያ ተለየ። የኔም መኝታ ከእሷ ራቅ ተደረገ። ትምህርት ቤት አግዳሚው ላይ ከአጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ እርሳስ እንኳ መሬት ላይ ሲወድቅ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዘነቡ!» ብለው ይጮኹ ነበር፤ እኔም ከሌላ ክፍል እሰማለሁ። አንድ ቀን፣ በእኔም እንዳያሾፉ ብዬ፣ አብሬያቸው ስቄአለሁ።

ከሁሉም የከፋው ግን ራሷ ማመኗ ነው። ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን ሳለ በቀስታ «እኔ ስወድቅ ምን እሆናለሁ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ምንም አይታወቀኝም።» ያን ጊዜ «ውሸቴን ነው» ብላት ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። እሷ ግን በዚያ በሚማጸን ፊቷ፣ ለእኔ ብቻ የሚታይ የራሷ ነገር እንዳለ ሁሉ ስትጠብቀኝ፣ የአውቶቡስ መቆሚያውን ሰውዬ አወዳደቅ ከእግር እስከ ራስ የእሷ አድርጌ ነገርኳት። ጥርሱን እንዴት እንደነከሰ፣ ዓይኑ እንዴት እንደተገለበጠ። ጉንጯን በእጇ ዳሰሰችና «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

እናቴ ጫማ ሳታደርግ ግሸን ይዛት ወጣች። ዘነቡ ከዚያ በኋላ አልወደቀችም፤ መች ወድቃ ታውቅና! እናቴ ግን «ማርያም አቆመችልኝ» ብላ በየዓመቱ ስለት ታስገባ ነበር፤ ክብሪቱን ግን አልጣለችውም። ዘነቡ ሃያ ዓመት ሲሞላት ከአምባሰል በኩል ሊያጯት ሽማግሌዎች መጡ፤ ጠጅ ጠጥተው፣ መርቀው፣ ቀን ቆርጠው ሄዱ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ አልተመለሱም። እኔ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። እሷ ከእናታችን ጋር ቀረች።

አባታችን ቀድሞ ሄደ፤ እናታችን ደግሞ ካቻምና ሞተች። የአርባዋ ዕለት ሰው ሁሉ በልቶ ከተበተነ በኋላ፣ ገና በቀን፣ ሁለታችን ጓሮ ሆነን ዕቃ እናጥብ ነበር። ነገርኳት። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ምናልባት የምትሰማ እናት ስለሌለች ነው። ዘነቡ የያዘችውን ሳህን አጥባ ጨረሰች፣ አጠራቅማ ካስቀመጠቻቸው ላይ ደረበችው።

«ለእማማ ሳትነግሪያት?» አለች።

«ፈራሁ።»

«ገላዋን ሲያጥቧት መቀነቷ ውስጥ ክብሪት አገኙ፤ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይነሣ፣ «እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ እሷ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። እኔን ተይኝ። እሷን እንቅልፍ ነሳሽ።» ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ስደቢኝ አልኳት። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሄዳለሁ፤ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ካህን ልኬአለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄአለሁ፤ አንሥታኛለች። አታኮርፍም፣ ክፉ አትናገርም። ደጃፉን ስረግጥ ብድግ ብላ ትቀበለኛለች፣ የተሻለውን ወንበር ታነሣልኛለች፣ የተሻለውን ዓሣ ታቀርብልኛለች። በልጅነቷ ሽርሽረኞቹን እንዲሁ ስታስተናግድ አይቻታለሁ፤ ያኔ ግን ትስቅ ነበር። እኔ ታናሿ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ አንድ ሳህን ላይ አብሬያት የበላሁ፣ ከተናዘዝኩላት ቀን በኋላ «አንቺ» ብላኝ አታውቅም።

«ይግቡ» ትለኛለች። «ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ።»